«ልጄን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ሲያነሣት አየሁ»

ጥያቄ፦

የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። በስድስት ዓመቷ አባቷ ወደሚኖርበት ካናዳ ሄዳ አሁን 13 ዓመት ሞላት፤ ካልጋሪ በሚባል ከተማ ትማራለች። እኔና አባቷ ከተለያየን ብንቆይም በልጃችን ጉዳይ እንነጋገራለን። እኔ በረዶ የማውቀው የደረሰ ጤፍ ሲያረግፍ ነው፤ እርሷ ግን በሄደች በዓመቷ በረዶ ላይ መንሸራተት ተማረች፣ ለውድድርም በቃች። አምና ደግሞ ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር ጥንድ ሆና መወዳደር ጀመረች፤ ልጁ ዘንድሮ 17 ዓመቱ ነው። አባቷ የላከልኝን ቪዲዮ ሳይ ደነገጥሁ። ልጁ ልጄን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ አንሥቶ እየዞረ ይሄዳል፤ ቆይቶም ይወረውራታል። ልብሷ አጭር ነው፣ ጀርባዋም የተራቆተ ይመስላል። እኅቴ ቪዲዮውን ለጎረቤት አሳይታ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ጀመር። በዚህ ላይ አሠልጣኛቸው «ሁለቱም ቶሮንቶ አካባቢ ወዳለ ማሠልጠኛ ዘንድሮ ካልገቡ ዕድሉ ያመልጣቸዋል» ብሏል። ልጄ እዚያ የምትኖረው ከማናውቀው ቤተሰብ ጋር ነው። አባቷ ሥራውን ትቶ ሊከተላት አይችልም፤ «አንቺ ካልፈቀድሽ አልፈርምም» ይለኛል። እርሷም በስልክ ታለቅሳለች። የምጽናናው በአንድ ነገር ነው፤ በሰው አገር ሆና ጾሟን አንድም ቀን አልፈታችም፣ እንዲያውም ከእኔ ትበረታለች። ምን ልበላቸው?

እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦

እኅቴ፣ አባቷ መልስ እየጠበቀ ስለሆነ የማምንበትን አስቀድሜ ልንገርዎት። ልጅዎ ስኬቲንጉን ትቀጥል፤ ጥንድ ሆና መወዳደሯንም አይከልክሏት። የቶሮንቶውን ፊርማ ግን ዘንድሮ አይፍቀዱ።

«ዕድሉ ያመልጣቸዋል» በሚለው ቃል እንጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እርሱ ይመስለኛልና። ይህን ስፖርት በበላይነት የሚመራው በ1892 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ኅብረቱ በ2022 ባደረገው ጉባኤ ለአዋቂዎች ውድድር የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ከፍ አድርጓል። ምክንያቱም የልጆችን አካልና አእምሮ ከጉዳት ለመጠበቅ ነው። ልጅዎ 13 ዓመቷ ነው። በዓለም አቀፍ መድረክ ከአዋቂዎች ጋር ለመሰለፍ አራት ዓመት ያህል ይቀራታል፤ እስከዚያ የምትወዳደረው ከታዳጊዎች ጋር ነው። ታዲያ ዘንድሮ የሚዘጋው የትኛው በር ነው? አባቷ ይህንን ጥያቄ ለአሠልጣኙ ያቅርብለትና መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

በጥንድ ስኬቲንግ ዕድሜ እንዲህ በቶሎ አያልቅም። ለጀርመን የተወዳደረችው አልዮና ሳቭቼንኮ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው በ2018፣ በ34 ዓመቷ፣ በአምስተኛው ኦሎምፒኳ ነው። ዲያና ስቴላቶ ዱዴክ ደግሞ በልጅነቷ ለብቻዋ ስትወዳደር ቆይታ በጉዳት ምክንያት አቆመች። ከ16 ዓመት በኋላ ተመልሳ በጥንድ ውድድር ጀመረች፤ ካናዳን ወክላ በ2024 የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን 40 ዓመቷ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የሚቸኩለው የልጁ ሰዓት ነው። በዚህ ስፖርት ሴቶቹ ብዙ፣ ወንዶቹ ጥቂት ናቸው። አንድ ብርቱ ወንድ ልጅ ሲገኝ ሴት ልጅ ያላቸው ወላጆች ከየከተማው ይሻሙበታል፤ የልጁን ወጪ ጭምር እንሸፍን የሚሉም አይጠፉም። ስለዚህ ልጅዎ ብትቀር ልጁ ሌላ አጣማሪ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ልጅዎ ይህን ከእርስዎም ከእኔም አስቀድማ ታውቃለች፤ ለቅሶዋ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ልቧ ይሰበራል። ግን አጣማሪ ማጣት በጥንድ ስኬቲንግ የተለመደ ነገር ነው፣ ታላላቆቹም አልፈውበታል። የሶቪየት ኅብረቷ ኢሪና ሮድኒና በ1972 ከአሌክሲ ኡላኖቭ ጋር የኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘች በኋላ ኡላኖቭ ከሌላ አጣማሪ ጋር ለመወዳደር ትቷት ሄደ። እርሷ ግን ከአሌክሳንደር ዛይትሴቭ ጋር ተጣምራ በ1976ም በ1980ም ወርቁን ደገመችው። ይህንን ታሪክ ልጅዎ ከአሠልጣኟ ሰምታው ይሆናል። ከእናቷ አፍ ስትሰማው ግን ሌላ ነው፤ ስለ እርሷ ዓለም ለማወቅ እንደደከሙ ይገባታልና።

አሁን ወደዚያ ወደሚያስጨንቅዎት እጅ ልምጣ። ቪዲዮውን እንደገና ይክፈቱትና እጁ የት እንዳለ ይመልከቱ። በዓለም አቀፉ ደንብ የአነሣሥ ዓይነቶች የሚለዩት ወንዱ ሴቷን በሚይዝበት ቦታ ነው፤ ከብብት፣ ከወገብ፣ ከዳሌ ወይም መዳፍ ለመዳፍ። አያያዙ ተጽፏል፣ ዳኞች ተቀምጠው ያዩታል፣ ነጥብም ይሰጡበታል። ልጁ በዚያች ደቂቃ የሚያስበው ስለ እግሩ፣ ስለ ትከሻውና ስለ እርሷ ሚዛን ነው፤ ሌላ ነገር ቢያስብ ሁለቱም ይወድቃሉ። እርሱም ቢሆን ሳይጎዳ አይውልም። ወደ ላይ ሲወረውራት አየር ላይ ተሽከርክራ ትወርዳለች፣ ወገቧን ይዞ ሲቀበላት ደግሞ ክርኗ ፊቱ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጀርባዋ የተራቆተ የመሰለዎትም ብዙውን ጊዜ የቆዳን ቀለም እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ስስ ጨርቅ ነው፤ እግሯም ስቶኪንግ ለብሷል። የውድድሩ ደንብ ልብሱ ከልክ ያለፈ መራቆትን እንዳያሳይ ያዛል፣ ሴቶች ሱሪ ለብሰው እንዲወዳደሩም ይፈቅዳል። አሁንም ካልተመቸዎት ቀጣዩን ልብስ ከልጅዎ ጋር በስልክ ሆነው ይምረጡ። የልብሱ ጉዳይ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ከዚህ በላይ ሐሳብ አያባክኑበት።

ሐሳብዎን ለመውደቁ ያቆዩት። ይህ ስፖርት አደገኛ አይደለም ብዬ ላታልልዎት አልችልም። ጫማዋ ሥር ያለው ብረት ውፍረቱ አራት ሚሊሜትር ያህል ነው። አንዱን እንቅስቃሴ ልግለጽልዎት፤ ልጁ የጫማውን ብረት ጥርስ በረዶው ላይ ይተክልና ባለበት ይዞራል፣ እርሷ በአንድ እጁ ብቻ ተይዛ ሰውነቷን ዘርግታ ዙሪያውን ትዞራለች፤ ጭንቅላቷ ከበረዶው ጋር ሊነካካ ምንም አይቀረው። ራስ ላይ የሚጠለቅ መከላከያ ቆብም የለም። ልጅዎ በምትኖርበት በካልጋሪ በ1988 ኦሎምፒክ ሲካሄድ በጥንድ ያሸነፉት የ16 ዓመቷ ኢካተሪና ጎርዴየቫና የ21 ዓመቱ ሰርጌይ ግሪንኮቭ ነበሩ። እርሷ ከዚያ ውድድር ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ ከእጁ ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ሆስፒታል ገብታ ነበር።

ታዲያ ለምን አይከልክሏት እላለሁ? እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ልጆች ፈረስ ላይ ወጥተው ይታያሉ። አባት ልጁ እንዳይጋልብ አይከለክልም፤ ፈረሱን ማን እንደገራው፣ ልጁንም ማን እንዳስተማረው ግን ሳያውቅ አያስጋልበውም። እናንተም የምትጠይቁት ይህንኑ ነው። አዲስ አነሣሥ ሲማሩ በመጀመሪያ ከበረዶው ውጭ መሬት ላይ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ደጋፊ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ይለማመዳሉ ወይ? ወድቃ ጭንቅላቷን ብትመታ በዚያው ቀን ከበረዶው የሚያስወጣት ማነው? ቶሮንቶ የምትገኝበት የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር በ2018 ባወጣው ሕግ ጭንቅላቱን እንደተጎዳ የተጠረጠረ ወጣት ተወዳዳሪ ወዲያው ከስፖርቱ እንዲወጣና ሐኪም ሳያየው ወደ ሙሉ ልምምድ እንዳይመለስ ተደንግጓል። ካልጋሪ ያለው አሠልጣኛቸውም ይህን ያህል ጥንቃቄ ያድርግ። «ትንሽ ነው፣ ተነሺ» የሚል ከሆነ ልጅዎን ከእርሱ ዘንድ ለማውጣት የእኔን ምክር አይጠብቁ።

እኅቴ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ እርስዎ የተጽናኑበት ነገር ነው። ጾሟ።

ቀኗን አብረን እንየው። ደብረ ማርቆስ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ሲሆን ካልጋሪ ገና ጠዋት 12 ሰዓት ነው። የበረዶ ሜዳ ተፈላጊ ስለሆነ ተወዳዳሪ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚለማመዱት በዚያ ሰዓት፣ ከትምህርት በፊት ነው። እርስዎ የከሰዓቱን ቡና ሲያፈሉ ልጅዎ በባዶ ሆዷ እየዘለለች ነው ማለት ነው። ስትዘል ያ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው በአንድ እግሯ ላይ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤት ትገባለች። ጾም ስለሆነ እስከ ስንት ሰዓት ሳትበላ ትቆያለች? ከትምህርት በኋላ ደግሞ ሌላ ልምምድ አለ። ይህች በማደግ ላይ ያለች የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ የሰው አጥንት ለዕድሜ ልኩ የሚሆነውን ጥንካሬ በአብዛኛው የሚያከማቸው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ሌላም አለ። በጥንድ ስኬቲንግ ሴቷ የምትነሣና የምትወረወር ናት። ወንዱ ወይም አሠልጣኙ በድካም መካከል «ከብደሻል» ቢላት ያ ቃል ከልቧ አይወጣም። በዚህ ስፖርት ብዙ ልጃገረዶች ራሳቸውን በረኃብ ጎድተዋል፤ ይህ ዓለም ያወቀው ነገር ነው። የሚራቡ ልጆች ደግሞ ምክንያት አያጡም፤ በልቻለሁ፣ ሆዴን አሞኛል ይላሉ። የእኛ ልጅ ግን ማንም ደፍሮ የማይጠይቃት ምክንያት አላት፤ ጾም ነው ትላለች፣ እናቷም ትመርቃታለች። ልጅዎ እንዲህ እያደረገች ነው አልልም። አላውቃትምና። ሃይማኖቷ እውነተኛና ብርቱ ሊሆን ይችላል፣ እግዚአብሔር ያጽናላት። የማወቂያው መንገድ ግን አለ። ያለፈው ፋሲካ ሲፈታ ምን በላች? ዶሮውን ከአባቷ ጋር ተቀምጣ እስክትጠግብ በላች ወይስ «አልፈልግም» ብላ ተነሣች? ጾሙ አልፎ እርሷ ካላቋረጠች፣ ወይም ማንም የማያዝዘውን ጾም እየጨመረች ከሆነ፣ ነገሩ ከጾም ውጭ ነውና ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የወር አበባዋንም ይጠይቋት። አባቷ አይጠይቃትም፣ የእርስዎ ድርሻ ነው። መጥቶ ከሆነና ለሦስት ወር ያህል ከቀረ፣ ወይም አጥንቷ በተደጋጋሚ እየተሰነጠቀ ከሆነ፣ ምግቧ ለልፋቷ አይበቃም ማለት ነውና ይህም ለሐኪም ይነገር።

የንስሐ አባቷን ያነጋግሩ። ቤተ ክርስቲያናችን ለደከመና ለታመመ በንስሐ አባት በኩል ጾምን የምታቀልበት ሥርዓት አላት፤ ማለዳ በባዶ ሆዷ እየዘለለች ስለምታድግ ልጅም ካህኑ የሚሉት አያጡም። ቃሉ ከካህኑ ሲመጣ ልጅቱ ያለ ጸጸት ትበላለች። በጾሙም ጊዜ ቢሆን ሰዓቱ ብቻ ይፈቀድላት እንጂ ከልምምድ በፊት አንድ ጭብጦ በሶ፣ ከልምምድ በኋላ ምስርና ሽምብራ፣ ተልባና ኑግ አለ። ከጎጃም በሶ የሚልኩላት ከሆነ ጨምረው ይላኩ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ስልክ ሲያነሡ «ወፍረሻል» ወይም «ከስተሻል» አይበሏት። እኛ ሰላምታ አድርገነዋል። ለእርሷ ግን ሰላምታ አይሆንም። በዚሁ ሳምንት አባቷ አሠልጣኙ ልጅቱን ይመዝናት እንደሆነ፣ በሌሎች ፊት ስለ ክብደቷ ይናገር እንደሆነ ይጠይቅ። የሚያደርገው ከሆነ ቶሮንቶውም ካልጋሪውም ከእርሱ ጋር አይቀጥልም።

ዘንድሮ አይፍቀዱ ያልሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ልትበላና ላትበላ የምትችልበትን ገበታ የሚያይ የሥጋ ዘመድ በሌለበት፣ ከአባቷ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ርቃ፣ ቁመቷ በሚመዘዝበትና ሚዛኗ በሚለወጥበት ዕድሜ መኖሯ ነው የሚያስፈራኝ። ሰውነቷ ሲረዝም ትናንት ቀላል የነበረው ዝላይ ይከብዳታል፣ ልጁም ሊያነሣት ይቸገራል፤ ብዙ ጥንዶች የሚለያዩት በዚህ ጊዜ ነው። ይህ በሚሆንበት ወቅት ከሰው ቤት ባትሆን ይሻላል።

ለአሠልጣኙ የሚቀርብለት ሌላ መንገድ አለ። በሐምሌና በነሐሴ እዚያ አገር ትምህርት ሲዘጋ ሁለቱ ልጆች ለጥቂት ሳምንታት ወደ ማሠልጠኛው ሄደው መሥራት ይችላሉ፤ አባቷም ያንን ያህል ፈቃድ ከሥራው ቢያገኝ አብሯት ይሂድ። ሜዳውን፣ አሠልጣኞቹን፣ ልትኖርበት የታሰበውን ቤትና የቤቱን እመቤት በዓይኑ ይይ። በካናዳ ስፖርት አንድ አሠልጣኝ ከአንድ ታዳጊ ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ ሁልጊዜ ሌላ ኃላፊነት ያለው አዋቂ እንዲኖር የሚያሳስብ የታወቀ ደንብ አለ። እዚያ ይሠራበት እንደሆነ፣ ለውድድር ሲጓዙስ ማን ከማን ጋር እንደሚያድር ይጠይቅ፤ ጥያቄው የሚያስቆጣው ሰው ካለ መልሱን አግኝቷል። ገንዘቡንም ያንሡት። የበረዶ ሜዳው ኪራይ፣ የአሠልጣኙ ክፍያ፣ ጫማው፣ ለብቻው የሚገዛው ብረቱና ጉዞው ተደምሮ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ከልጁ ቤተሰብ ጋር ማን ምን እንደሚከፍል፣ ጥንዱ ቢፈርስስ የተከፈለው ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይኑር። በቃል የተስማሙ ወላጆች ሲጣሉ በመካከል የምትጎዳው ልጅቱ ናት።

ስለ ሰፈሩ ወሬ ብዙ አልልም። ወሬው ግን ልጅዎ ጆሮ እንዳይደርስ ያድርጉ፤ እኅትዎንም በዚህ ይዘዙ። ልጅዎ በዚያ በረዶ ላይ መልኳን የሚመስል ሰው ብዙ አታይም፣ ከአገሯ የሚመጣው ቃል ደግሞ ነውር የሚል ከሆነ በሁለቱም በኩል ትገፋለች። ለጎረቤቶችዎም ለእርሷም የሚነግሯቸው ታሪክ አለ። ከሳቭቼንኮ ጋር አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሮቢን ሾልኮቪ አባቱ ታንዛኒያዊ ነው። በ2010 ኦሎምፒክ ፈረንሳይን ወክለው የቀረቡት ቫኔሳ ጄምስና ያኒክ ቦነር ሁለቱም ጥቁሮች ነበሩ። ከእነርሱ ሁሉ በፊት ሜቤል ፌርባንክስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት በ1930ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ በቀለሟ ምክንያት ከበረዶ ሜዳ ተከልክላለች። እርሷ ግን ቆይታ አሠልጣኝ ሆነች፤ የስምንት ዓመቷን ታይ ባቢሎኒያንና የአሥር ዓመቱን ራንዲ ጋርድነርን ያጣመረቻቸውም እርሷ ናት። በ1979 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። የእኛም አገር ሰው ቢሆን ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ በበረዶ ሸርተቴ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ተሰልፏል።

መልስዎን ከአባቷ በፊት ለልጅዎ ይንገሯት። በዕለተ ሰንበት፣ ልምምድም ትምህርትም በማይኖራት ሰዓት ይደውሉ። ስኬቲንጉን እንዳልከለከሏት በመጀመሪያው ቃል ትስማ፤ ከዚያ ቶሮንቶ ዘንድሮ እንደማይሆን፣ ክረምቱን ግን እንደምትሞክረው ይንገሯት። ታለቅሳለች። ስልኩን አይዝጉ፣ አያባብሏት፤ አልቅሳ ትጨርስ። ስትረጋጋ ስለ አነሣሡ ይጠይቋት። የትኛው እንደሚከብዳት፣ የትኛውን እንደምትፈራ፣ ልጁ ሊጥላት ሲል ምን እንደሚሰማት ታውራልዎት። የፈራችውን ነገር የምትናገርበት ሰው ካላገኘች ለአሠልጣኙም አትናገርም። ለአሠልጣኙ የሚነገረውን ደግሞ አባቷ ይንገረው፤ እርስዎ «አይሆንም» ብላለች መባልን አይፍሩ።